ኮምፒዩተርና ስክሪን በእይታ ግንዛቤ ምርምር

ኮምፒዩተርና ስክሪን በእይታ ግንዛቤ ምርምር ሰው በዓይኑ የሚያየውን ነገር አንጎሉ እንዴት እንደሚረዳው ለማጥናት የሚያገለግል የሙከራ ዘዴ ነው። ምስሎች በኮምፒዩተር ይዘጋጃሉ፣ በስክሪን ይታያሉ፣ የተመልካቹም መልስ ተመዝግቦ ይተነተናል። ዘዴው ሥነ ልቦናን፣ የነርቭ ሳይንስን፣ የዓይን ሕክምናንና የኮምፒዩተር ሳይንስን ያገናኛል። ዋና ጥቅሙ ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን መጠን፣ ቅርጽ፣ ቀለምና ቆይታ ተመራማሪው በቁጥር እንዲወስን ማስቻሉ ነው።

በኢትዮጵያ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ጥናቶች መካከል ከሀዋሳ ከተማ ጋር የተያያዙት ይጠቀሳሉ። ጥናቶቹ የተደረጉት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ግርዶሽ ተሸፍነው በኖሩና ከዓመታት በኋላ በቀዶ ሕክምና ማየት በጀመሩ ልጆች ላይ ነው። ከእነርሱ የተገኘው ዋና ትምህርት የዓይን መጥራትና የማየት ችሎታ አንድ አለመሆናቸው ነው። ዓይን በአንድ ቀን ሊጠራ ይችላል፤ አንጎል ግን የሚያየውን መረዳት መማር አለበት፤ አንዳንዱንም ትምህርት በሕፃንነቱ ካላገኘው በኋላ ማግኘት ይከብደዋል።

መሠረታዊ ሐሳብ

የዓይን ሌንስ ብርሃንን ሰብስቦ ከዓይን ጀርባ ባለው ሬቲና ላይ ጠፍጣፋ ምስል ያሳርፋል። ከዚህ ጠፍጣፋ ምስል ተነስቶ የቱ ነገር ቅርብ፣ የቱ ሩቅ፣ የቱ ከየቱ ኋላ እንደሆነ የሚወስነው አንጎል ነው። በዛፍ ግንድ የተጋረደ ጎጆ ቤት የሚያይ ሰው ቤቱ ለሁለት የተከፈለ አይመስለውም፤ ከግንዱ ኋላ ያልታየውን ክፍል አንጎሉ በራሱ ይሞላዋል። ይህ ሥራ ያለ ድካምና ሳይታወቅ ስለሚከናወን ሰው ማየትን የዓይን ሥራ ብቻ አድርጎ ይቆጥራል።

በዕለት ተዕለት ሕይወት ቀለም፣ መጠን፣ ጥላ፣ እንቅስቃሴና ርቀት አብረው ይለዋወጣሉ። አንድ ልጅ ብርቱካንን ከሎሚ የለየው በቀለሙ ይሁን በመጠኑ ማወቅ አይቻልም። በስክሪን ላይ ግን አንዱን ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንዳለ መተው ይቻላል። ሁለት ምስሎች በቀለምም በመጠንም እኩል ሆነው በጥላቸው ብቻ እንዲለያዩ ከተደረገ በኋላ ተመልካቹ ከለያቸው፣ ጥላን መጠቀም እንደሚችል ይታወቃል። በዚህ ዘርፍ የሚደረጉ ሙከራዎች ሁሉ በዚህ ነጥሎ የመመርመር ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

ታሪክ

ስሜትን ከአካላዊ መጠን ጋር በቁጥር የማነጻጸር ጥናት ሳይኮፊዚክስ ይባላል። መሠረቱን የጣለው ጀርመናዊው ጉስታፍ ፌክነር በእ.ኤ.አ. 1860 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ከኮምፒዩተር በፊት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት መብራት፣ በእጅ የተሣለ ካርድና ምስልን ለአጭር ቅጽበት ብቻ የሚያሳይ ታኪስቶስኮፕ የተባለ መሣሪያ ነበር።

በእ.ኤ.አ. 1960 በሀንጋሪ የተወለደው ቤላ ዩሌሽ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ሳለ በኮምፒዩተር የተሠሩ የነጠብጣብ ምስሎችን አሳተመ። እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ሲታይ የተበተነ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ እንጂ ምንም ቅርጽ የለውም። አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ዓይን ለይቶ ለሚያይ ሰው ግን ከመካከሉ ካሬ ቅርጽ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህም አንጎል ጥልቀትን ለማወቅ አስቀድሞ ዕቃውን መለየት እንደማያስፈልገው ታየ። በሺህ የሚቆጠሩ ነጠብጣቦችን በዘፈቀደ ማሰራጨትና ከእነርሱ ጥቂቱን በትክክል ማንሸራተት በእጅ እጅግ አድካሚ ስለነበር ግኝቱ የኮምፒዩተር ፍሬ ነው ማለት ይቻላል።

በእ.ኤ.አ. 1968 በእንግሊዝ የካምብሪጅ ተመራማሪዎቹ ፈርገስ ካምቤልና ጆን ሮብሰን በኦሲሎስኮፕ መስታወት ላይ ጥቁርና ብሩህ መስመሮችን እያፈራረቁ በማሳየት፣ የእይታ ሥርዓት ወፍራምና ቀጭን መስመሮችን በተለያዩ መንገዶች እንደሚቀበል አመለከቱ። የግል ኮምፒዩተር ከተስፋፋ በኋላ ይህ ዓይነት ሙከራ በማንኛውም ቤተ ሙከራ የሚሠራ ሆነ።

አሠራር

የእይታ አንግል

በዚህ ምርምር የምስል መጠን የሚለካው በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በዓይን ላይ በሚፈጥረው አንግል ነው፤ ያው ምስል ቀርቦ ሲታይ ሰፊ፣ ርቆ ሲታይ ጠባብ አንግል ይይዛልና። ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

የእይታ አንግል = 2 × አርክታንጀንት [የምስሉ ቁመት ÷ (2 × ከዓይን እስከ ስክሪን ያለው ርቀት)]

ዓይን ከስክሪኑ 57 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ በስክሪኑ ላይ ያለ 1 ሴንቲ ሜትር ከ1 ዲግሪ ጋር እኩል ይሆናል። ብዙ ጥናቶች ይህን ርቀት የሚመርጡት ስለዚህ ነው። የተሳታፊው ራስ እንዳይንቀሳቀስ የአገጭ መደገፊያ ይደረጋል።

1 ዲግሪ በ60 ደቂቃ ይከፈላል። ጤናማ እይታ ያለው ሰው 1 ደቂቃ ስፋት ያለውን ዝርዝር ይለያል። 14 ኢንች ሰያፍ ርዝመትና 1366 በ768 ፒክስል ያለው ተራ ላፕቶፕ አንድ ፒክስሉ 0.227 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ57 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይህ 1.4 ደቂቃ ስለሚሆን ጤናማ ዓይን የሚያየውን ጥቃቅን ነገር ስክሪኑ ሊያሳየው አይችልም። ተሳታፊው ወደ 3 ሜትር ሲርቅ ግን 1 ደቂቃ ወደ 4 ፒክስል ይጠጋል፤ መለኪያውም ትክክል ይሆናል። የእይታ ጥራት በስክሪን ሲለካ ተመርማሪው ርቆ እንዲቀመጥ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ጊዜ

ስክሪን ምስልን የሚያድሰው በተወሰነ ድግግሞሽ ነው። 60 ሄርዝ የሆነ ስክሪን በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ ማለትም በየ16.7 ሚሊ ሴኮንዱ ያድሳል። ስለዚህ ምስልን ለ50 ሚሊ ሴኮንድ ማሳየት ይቻላል፤ ሦስት እድሳት ነውና። ለ20 ሚሊ ሴኮንድ ማሳየት ግን አይቻልም፤ ያለው ምርጫ 16.7 ወይም 33.3 ነው። ፕሮግራሙ ምስሉን ከእድሳቱ ጋር ካላስተባበረ የላይኛው ግማሽ አዲስ፣ የታችኛው ግማሽ አሮጌ ሆኖ የተቀደደ ምስል ይታያል።

የቀድሞው ባለ ካቶድ ጨረር ስክሪን እያንዳንዱን ነጥብ ለጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ብቻ አብርቶ ያጠፋ ነበር። የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ግን እስከሚቀጥለው እድሳት ድረስ ብርሃኑን ይዞ ይቆያል፤ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ለመቀየርም ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ጊዜን በጥብቅ የሚቆጣጠሩ ቤተ ሙከራዎች የቀድሞውን ስክሪን ከገበያ ከጠፋም በኋላ ለዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ብሩህነትና ንፅፅር

በኮምፒዩተር የፒክስል ብሩህነት አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 በሆነ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩና ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን ግን እኩል አይሄዱም። ጋማ በሚባለው ባሕርይ ምክንያት 128 የተሰጠው ፒክስል የሚያወጣው ብርሃን ከሙሉው ግማሽ ሳይሆን 22 በመቶ ገደማ ነው (ጋማ 2.2 ሲሆን)። ተመራማሪው ስክሪኑን በብርሃን መለኪያ ለክቶ የማረሚያ ሠንጠረዥ ለፕሮግራሙ ይሰጠዋል። ይህ ሥራ ካሊብሬሽን ይባላል፤ ያልታረመ ስክሪን ላይ የተገኘ የንፅፅር ውጤት ሊታመን አይችልም።

ሌላው ችግር የደረጃዎቹ ማነስ ነው። በ256 ደረጃዎች ከመካከለኛ ግራጫ ላይ ሊፈጠር የሚችለው ትንሹ ንፅፅር 0.8 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ጤናማ ዓይን በተስማሚ ሁኔታ ከዚያ ያነሰውንም ያያል። መፍትሔው ተጨማሪ የብሩህነት ደረጃ ያለው ስክሪን መጠቀም፣ ወይም አጎራባች ፒክስሎችን እያቀላቀሉ መካከለኛ ብሩህነት መፍጠር ነው።

መልስ አወሳሰድ

ተሳታፊው ምን እንዳየ በቃል መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሰው እርግጠኛ ሳይሆን «አየሁ» ወይም አይቶ ሳለ «አላየሁም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የግዴታ ምርጫ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ ከአራት ምስሎች አንዱን የተለየ እንዲያመለክት ይጠየቃል። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከመቶ 25 ያህሉን ስለሚያገኝ፣ ውጤቱ ከዚህ ምን ያህል እንደሚበልጥ ይመረመራል።

አንድ ሰው ለመለየት የሚያስፈልገው ትንሹ ልዩነት ደፍ ይባላል። ደፍን ለማግኘት ኮምፒዩተሩ የሙከራውን ክብደት በመልሱ መሠረት ይለዋውጣል። በአንደኛው የታወቀ ደንብ ተሳታፊው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በትክክል ከመለሰ ሙከራው ይከብዳል፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ይቀላል። በዚህ ደንብ ሙከራው ተሳታፊው 70.7 በመቶ በትክክል በሚመልስበት ደረጃ ዙሪያ ይረጋል። የዓይንን እንቅስቃሴ በካሜራ የሚከታተል መሣሪያ ሲጨመር ተመልካቹ የምስሉን የትኛውን ክፍል ለምን ያህል ጊዜ እንዳየ ይታወቃል።

ሶፍትዌር

በእ.ኤ.አ. 1997 ዴቪድ ብሬይናርድና ዴኒስ ፔሊ በማትላብ ቋንቋ የሚሠራውን ሳይኮፊዚክስ ቱልቦክስ በሁለት ጽሑፎች አስተዋወቁ። በእ.ኤ.አ. 2007 ደግሞ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲው ጆናታን ፒርስ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈውንና በነፃ የሚገኘውን ሳይኮፓይን አቀረበ። ለእይታ ጥራት መለኪያ በጀርመን የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲው ሚካኤል ባኽ ያዘጋጀውና በእ.ኤ.አ. 1996 የታተመው የፍራይቡርግ ፈተና በሰፊው ይሠራበታል፤ ይህም በነፃ ይገኛል። ነፃ ሶፍትዌርና ተራ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ መሠረታዊ ሙከራ መሥራት ይችላል፤ ጊዜና ጥንቃቄ የሚጠይቀው ካሊብሬሽኑ ነው።

ከኢትዮጵያ ጎረቤት ኬንያ በናኩሩ የተፈተሸው ፒክ አኩዊቲ የተባለ የስልክ መተግበሪያ ሌላው ምሳሌ ነው። ውጤቱ በእ.ኤ.አ. 2015 ታትሟል። ተመርማሪው በስክሪኑ ላይ ያለው ባለ ሦስት ጣት ምልክት ወዴት እንደዞረ በእጁ ያሳያል፤ መርማሪውም ጣቱን በዚያው አቅጣጫ በስልኩ ላይ ያንሸራትታል። ፊደል ማንበብ ስለማያስፈልገው በማንኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ዘንድ ይሠራል።

በኢትዮጵያ

በጨርቅ ላይ የተሣለ ሥዕል

የምስል ማሳያው ራሱ በውጤቱ ላይ ምን ያህል ተጽዕኖ እንዳለው በኢትዮጵያ የታየው ከስክሪን ዘመን በፊት ነው። ያን ዴሬጎቭስኪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሥዕል ጋር እምብዛም ትውውቅ ባልነበራቸው የሜኤን ሰዎች ዘንድ ያደረገውን ጥናት በእ.ኤ.አ. 1972 አሳተመ። ወረቀት ለሰዎቹ እንግዳ ስለነበር ትኩረታቸው ከሥዕሉ ይልቅ ወደ ወረቀቱ ይሳብ ነበር። ስለዚህ የእንስሳት ሥዕሎች በሚያውቁት ነገር፣ በጨርቅ ላይ፣ ተሠርተው ቀረቡላቸው። ብዙዎቹ እንስሳቱን ለዩ፤ አንዳንዶቹ ግን በአንድ እይታ ሳይሆን ክፍል በክፍል እየተመለከቱ ነበር። ማንኛውም ማሳያ፣ ስክሪንም ቢሆን፣ ተመልካቹ ከዚህ ቀደም ከሚያውቀው ነገር ተለይቶ ሊታይ እንደማይችል ይህ ጥናት ያስታውሳል።

የሀዋሳ ጥናቶች

መነሻ

በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005–06) የተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደሆነና ከዚህ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያስከተለው እንደሆነ አመልክቷል። የዓይን ሞራ የሽማግሌዎች በሽታ ቢመስልም ከእናታቸው ማኅፀን ይዘውት የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ሀብታም በሆኑ አገሮች እንዲህ ያለ ሕፃን በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያገኛል። ከሆስፒታል ርቀው በሚገኙ የገጠር ቤተሰቦች ዘንድ ግን ልጁ ብርሃንና ጥላ ብቻ እየለየ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእይታ ተመራማሪው ኤሁድ ዞሃሪና የዓይን ቀዶ ሐኪሙ ኢታይ ቤን-ጽዮን ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዲህ ያሉ የኢትዮጵያ ልጆችን በማከምና እይታቸው እንዴት እንደሚያድግ በመከታተል ተከታታይ ጥናቶችን አሳትመዋል። ቀዶ ሕክምናው የተሠራው በሀዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። በቀዶ ሕክምናው የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል።

ጥናቶቹ የሚነኩት ጥያቄ የቆየ ነው። በእ.ኤ.አ. 1688 አየርላንዳዊው ዊልያም ሞሊኑ ለፈላስፋው ጆን ሎክ በላከው ደብዳቤ፣ ዕውር ሆኖ የተወለደና ክብንና ማዕዘናዊውን ዕቃ በመዳሰስ የሚለይ ሰው ድንገት ዓይኑ ቢበራ ሳይነካቸው በማየት ብቻ ይለያቸው እንደሆነ ጠየቀ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል የድመት ግልገልን አንድ ዓይን በሕፃንነቷ በመሸፈን፣ የእይታ አንጎል የሚገነባበት የተወሰነ ዕድሜ እንዳለ አሳዩ፤ በእይታ ሥርዓት ላይ ባደረጉት ምርምር በእ.ኤ.አ. 1981 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በሕንድ ደግሞ በፓዋን ሲንሃ የሚመራው ፕሮጀክት ፕራካሽ ዘግይተው የታከሙ ልጆችን አጥንቷል። በእ.ኤ.አ. 2011 የታተመው ውጤት የሞሊኑን ጥያቄ «አይለይም» ብሎ መልሷል፤ ልጆቹ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በመዳሰስ ያወቁትን በማየት ወደ መለየት ደርሰዋል።

የተለየውን መፈለግ

በእ.ኤ.አ. 2015 አየለት መክይተን፣ ቤን-ጽዮን፣ ዞሃሪና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ልጆቹ ከብዙ ተመሳሳይ ምስሎች መካከል አንዱን የተለየ እንዲያገኙ ጠየቀ። ልዩነቱ በየሙከራው ይቀያየራል፦

• በቀለም፣ በመጠን ወይም በጠፍጣፋ ቅርጽ፦ ልጆቹ የተለየውን የማግኘት ችሎታን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በፍጥነት አዳበሩ።

• በጥላ፦ ከላይ የበራለት ክብ ያበጠ፣ ከታች የበራለት የጎደጎደ ይመስላል፤ አንጎል ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ ስለሚገምት ነው። ልጆቹ በአብዛኛው በዚህ መለየት አልቻሉም።

• በመጋረድ፦ አንዱ ቅርጽ ከሌላው ኋላ ሲሆን የተሸፈነውን ክፍል በሐሳብ መሙላት ያስፈልጋል። ይህም በአብዛኛው አልተቻለም።

• በሌለ መስመር፦ እንደ እንጀራ አንድ አንድ ቁራሽ የተነሣላቸው ሦስት ጥቁር ክቦች ክፍተታቸው ወደ መካከል ዞሮ ሲቀመጡ፣ ማንም ያልሣለው ነጭ ሦስት ማዕዘን ይታያል። ልጆቹ በዚህ ዓይነት ቅርጽም የተለየውን ማግኘት አልቻሉም።

በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ችሎታዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የታየው መሻሻል ጥቂት ነበር። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ በቀጥታ ከሬቲና የሚገኙ ምልክቶችን መጠቀም ለረዥም ጊዜ የእይታ እጦት ያን ያህል እንደማይበገር፣ ከጠፍጣፋ ምስል ጥልቀትን መገመት ግን በሕፃንነት ማየትን አጥብቆ እንደሚፈልግ ነው። በስክሪን ምልክቶቹን አንድ በአንድ መነጠል ባይቻል ኖሮ ሁለቱ ችሎታዎች ተቀላቅለው «ልጁ ያያል» ወይም «አያይም» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ማለት አይቻልም ነበር።

በጠባብ ስንጥቅ ማየት

በአጥር ስንጥቅ አሻግሮ የሚያይ ሰው ከኋላው የምታልፈውን አህያ በየቅጽበቱ በቁራጭ ብቻ ቢያያትም አህያ መሆኗን ያውቃል። አንጎል ቁርጥራጩን በጊዜ ቅደም ተከተል ይገጣጥመዋል። በእ.ኤ.አ. 2021 ታንያ ኦርሎቭና ባልደረቦቿ በ23 የኢትዮጵያ ልጆች ላይ ያደረጉትን ተመሳሳይ ሙከራ አሳተሙ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ የልጆቹ የእይታ ጥራት በአብዛኛው በጉልህ ተሻሻለ። በዚህ ወቅት ብዙዎቹ ምስሉ ወዴት እንደሚሄድ ቢያውቁም ቅርጹን አልለዩም። ቆይተው እንደገና ሲፈተኑ ግን ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ቻሉ። ለዚህም ብዙ ጊዜ ከስንጥቁ ኋላ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ መረዳትና ልዩ ልምምድ ማድረግ አስፈልጓቸዋል። ዘግይቶ የመጣ እይታም በሥልጠና ሊዳብር እንደሚችል ይህ ውጤት ያሳያል።

የሰውን ዓይን መከተል

ሰው ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ወዳየበት አቅጣጫ ሳያስበው ያያል። በእ.ኤ.አ. 2022 ዞሃሪና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ልጆቹ በዓይን ውስጥ ጥቁሩ የዓይን ክፍል የት እንዳለ ለመለየት የሚበቃ የእይታ ጥራት አግኝተዋል። ሆኖም ሌላው ሰው ዓይኑን ወዳዞረበት በራሳቸው አልተከተሉም፤ ፊት ሲያዩም እንደሌሎች ልጆች ዓይን ላይ አላተኮሩም።

ጥናቱ ከሙከራው ጎን ያለ አስተማሪ የሚማር የኮምፒዩተር ሞዴልም አቅርቧል፤ ከተሳታፊዎቹ መካከል የኮምፒዩተር እይታ ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ሀራሪና ሺሞን ኡልማን ይገኙበታል። ሞዴሉ በደበዘዘ ምስል ከራስ አቅጣጫ ተነስቶ የእይታን አቅጣጫ መማር እንደሚቻል ያስረዳል። ዝርዝሩ በኋላ ሲጠራ ግን በሕፃንነት የነበረው ውስጣዊ መሪ ስለማይኖር የዓይን አቅጣጫን የመከተል ልማድ በራሱ አይፈጠርም። በዚህ ጥናት ኮምፒዩተሩ ምስል ከማሳየት አልፎ አንጎል እንዴት እንደሚማር የሚፈተሽበት ምሳሌ ሆኗል።

እይታና መዳሰስ

በእ.ኤ.አ. 2021 ኢሬኔ ሴና፣ ማርክ ኤርንስትና ባልደረቦቻቸው ልጆቹ የአንድን ዕቃ መጠን እያዩም እየዳሰሱም ሲገምቱ ሁለቱን ስሜቶች እንዴት እንደሚያጣምሩ አጠኑ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ልጆቹ ለእይታና ለመዳሰስ የሚሰጡት ክብደት ከሌሎች ልጆች ጋር ተቀራረበ፤ ከወራት በኋላም ሁለቱን በማጣመር ግምታቸውን ይበልጥ ትክክል ማድረግ ቻሉ። በሕፃንነት ያልተገኘ ነገር ሁሉ ለዘለዓለም አይጠፋም ማለት ነው።

ለሕክምናና ለትምህርት ያለው ትርጉም

የእነዚህ ውጤቶች የመጀመሪያ ትርጉም የጊዜ ጉዳይ ነው። በሕፃን ዓይን መካከል ነጭ ነገር ከታየ፣ ወይም ሕፃኑ ብርሃንንና የእናቱን ፊት የማይከተል ከሆነ ወደ ዓይን ሐኪም በፍጥነት መውሰድ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የዘገየ ወር አንጎል ማየትን ከሚማርበት ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ነው።

ሁለተኛው ትርጉም ዘግይቶ መታከምም ከንቱ አለመሆኑ ነው። ቀለምን፣ መጠንንና ቅርጽን መለየት፣ ያዩትን ከዳሰሱት ጋር ማስማማት ከዓመታት በኋላም ይገኛል። የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ልጅ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ሊተው አይገባም።

ሦስተኛው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን ይመለከታል። ዓይኑ የበራለት ልጅ ወዲያው እንደ እኩዮቹ ያያል ብሎ መጠበቅ ልጁንም ወላጁንም ያሳዝናል። ሥዕል ያለበት መማሪያ መጽሐፍ ሲሰጠው በሥዕሉ ላይ የቱ ከየቱ ኋላ እንዳለ ላይገባው ይችላል፤ ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። መምህሩ በዓይኑ ጥቅሻ የሰጠውን ምልክት ላያስተውል ስለሚችል በእጅ መጠቆምና በቃል መንገር ይሻላል። መነጽር፣ ተከታታይ ምርመራና ልምምድ የሕክምናው ክፍል ናቸው።

ውስንነትና ጥንቃቄ

ስክሪን ጠፍጣፋ ነው። በገሃዱ ዓለም ሁለት ዓይን የሚሰጠው የጥልቀት ልዩነትና ራስን በማንቀሳቀስ የሚገኘው መረጃ በተራ ስክሪን ላይ የለም። ስለዚህ በስክሪን ላይ በጥላ ጥልቀትን ያልለየ ልጅ በመንገድ ላይ ጉድጓድ አይለይም ማለት አይደለም።

የሚታከሙት ልጆች ቁጥር ጥቂት ስለሆነ፣ ዕድሜያቸውና ከሕክምና በፊት የነበራቸው እይታም ስለሚለያይ የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት ለብቻ መመልከት ያስፈልጋል። በእይታ ጥራት ማነስ የመጣውን ስህተት በአንጎል አለመማር ከመጣው ለመለየት፣ ጤናማ እይታ ላላቸው ልጆች ምስሉን አደብዝዞ በማሳየት ማነጻጸር የተለመደ ዘዴ ነው። ብዙዎቹ ዘግይተው የታከሙ ሰዎች ዓይናቸው በራሱ ስለሚወዛወዝ የዓይን መከታተያ መሣሪያን ማስተካከል ያስቸግራል።

ከቤተ ሙከራ ውጭ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ብዙ ላፕቶፖች ባትሪ ለመቆጠብ ብሩህነታቸውን ስለሚቀንሱ ይህ አሠራርና ብሩህነትን በራሱ የሚለዋውጠው ቅንብር አስቀድመው መዘጋት አለባቸው። የመስኮት ብርሃን በስክሪኑ ላይ ካረፈ ንፅፅሩ ይወርዳል። የስክሪኑ ትክክለኛ መጠን በማይታወቅበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ተሳታፊዎች ከየቤታቸው በኢንተርኔት ሲሳተፉ፣ ስፋቱ በየአገሩ 85.6 ሚሊ ሜትር የሆነ የባንክ ካርድ በስክሪኑ ላይ አስደግፎ የሚታየውን ምስል ከካርዱ ጋር እኩል እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ።

ቋንቋም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በሀዋሳና በዙሪያዋ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ። «የተለየውን አሳየኝ» የሚለው ትእዛዝ ልጁ በሚገባው ቋንቋ ካልተነገረው ያላየው ነገርና ያልገባው ነገር ይምታታሉ። በዚህ ምክንያት ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ሊሳሳቱበት የማይቻል ቀላል ልምምድ ይሰጣል። ለልጆች ተሳትፎ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሕክምናውም በምርምሩ ለመሳተፍ እንደ ክፍያ ሊቆጠር አይገባም።

ደግሞ ይዩ

• የዓይን ሞራ ግርዶሽ
• ሬቲና
• የኮምፒዩተር እይታ
• ሳይኮፊዚክስ
• ሀዋሳ